የሞክሼው ሒሳብ

ኦዲተሮቹ ነገሩን ያገኙት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሥራ ከጀመሩ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላቸው አንደኛው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና፣ «ይኼ ሁለት ሚሊዮን ከመቶ ሺህ የት ገባ?» አለ። ረፋዱ ላይ ባንኩ በር የፖሊስ መኪና ቆመ።

ከመኪናው የወረደችውን መርማሪ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ዱቄቱን ታሳልፋለች እንጂ ጓሉ አያመልጣትም ለማለት ነው። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሃያ ሁለቱን በዚሁ ሥራ ላይ ፈጅታዋለች። ከኋላዋ የሚከተላት ሃምሳ አለቃ መኪናም ይነዳል፣ ሒሳብም ይችላል፣ ቀልድም አያልቅበትም።

የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ቢሮውን ዘግቶ አስቀመጣቸው። ክራቫቱን ደጋግሞ ያላላል፣ መልሶ ያጠብቃል።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለ። «አንድ የብረት ነጋዴ ደንበኛ አለን። ከስምንት ወር በፊት ብረት የገዛው ሰው መጥቶ ሁለት ሚሊዮን ከመቶ ሺህ አስገባለት። ገንዘብ ተቀባይዋ ግን ተሳስታ ለሞክሼው ጻፈችው።»

«ለሞክሼው?»

«ስማቸው ከነአባታቸው ከነአያታቸው አንድ ነው። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ከላይና ከታች ደርድሮ ያወጣል። እሷ የላይኛውን ነካች። የላይኛው ደግሞ መጥረጊያ እየሠራ የሚሸጥ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነው። ሙልጭ አድርጎ በላው!»

«ዓይነ ስውር ሰው ሁለት ሚሊዮን መምጣቱን በምን አየ?»

«የእህቱ ልጅ ናታ! እየመራች የምታመጣው እሷ ናት። አሻራው የእሱ ይሁን እንጂ ሐሳቡ የእሷ ነው። ከእኛ ገንዘብ ተቀባይ ጋርም ሳይመሳጠሩ አይቀሩም። ሁለቱን ሴቶች ቢይዟቸው ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል።»

«እርስዎ መቼ ሰሙ?»

«እኔማ ዛሬ! ከኦዲተሮቹ ጋር።»

ወንፊት መልሱን ቃል በቃል ጻፈችውና ገንዘቡ የወጣበትን ዝርዝር ተቀብላ ወጣች። ከሃምሳ አለቃው ጋር ደንበኞች የሚጠብቁበት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው አነበቡት። ገንዘቡ በሃያ ዘጠኝ ጊዜ ነው የወጣው፤ ሁሉም ሰኞ ሰኞ። የመጨረሻው ትናንት ነው። ሒሳቡ ላይ የቀረው አሥራ ስድስት ሺህ ሦስት መቶ ብቻ ነበር።

ሃምሳ አለቃው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆየና፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ?» አለ። «ሠላሳ ስድስት፣ ሃምሳ አራት፣ ዘጠና፣ መቶ ስምንት ሺህ… ሁሉም ለአሥራ ስምንት ይካፈላል።»

«አንዱ አሥራ ስምንት ሺህ የሚሸጥ ምን አለ?»

«ጥሩ ጎማ።» አሁንም በጣቱ ቆጠረ። «መቶ አሥራ ስድስት ጎማ ይሆናል።»

«ዓይነ ስውር ሰው መቶ አሥራ ስድስት ጎማ ምን ያደርግለታል?»

«እሱን እንግዲህ አንቺ ነሽ የምታጣሪው።»

ገንዘብ ተቀባይዋ ሦስተኛው መስኮት ላይ ነበረች፤ ዓይኗ ደም መስሏል። «በእኔ ኮድ ነው የገባው ይላሉ» አለች። «በቀን መቶ ሰው ነው የማስተናግደው፣ የቱን አስታውሳለሁ? ኮዱ የእኔ ከሆነ እንግዲህ እኔ ነኛ!» ሸሚዟ ደረቱ ላይ በወተት ርሷል። ወንፊት አየችና ሌላ ጥያቄ ሳትጨምር፣ «ሂጂ፣ ልጅሽን አጥቢ። እንገናኛለን» አለቻት።

ከሰዓት በኋላ የመጥረጊያ ሠሪው ቤት ሄዱ። ሽማግሌው ሊሸጡ ወጥተዋል። የእህታቸው ልጅ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ የሰው ልብስ እየተኮሰች የምታድር ሴት ናት። ወንፊት ቤቱን በዓይኗ ዞረችው። ሁለት አልጋ፣ የመጥረጊያ ሣር እስከ ጣሪያው፣ የተቆራረጠ እንጨት፣ ሲባጎ። አዲስ ነገር ይገኝ እንደሆነ ብላ ፍራሹን አነሳች፣ ሣጥኑን ከፈተች። አንድ አዲስ ማንኪያ እንኳ የለም።

«ሁለት ሚሊዮን እዚህ ቤት ገብቶ የት ደረሰ?»

«እሱን ጠይቁት» አለች ሴትዮዋ፣ ካውያውን ከልብሱ ሳታነሳ። «እኔ የመራሁት እግሩን ነው። ልቡን አይደለም።»

«ሰኞ ሰኞ ከባንክ ወጥታችሁ ወዴት ትሄዳላችሁ?»

ሴትዮዋ ልብሱን ገልብጣ መተኮሷን ቀጠለች።

ሲወጡ ሃምሳ አለቃው መንገዱ ላይ ቆም አለ። የቧንቧው ተራ ላይ የቆሙ አንዲት ባልቴት አንድ ዓይናቸው ላይ እንደ ውሃ የጠራ የፕላስቲክ መከለያ ተለጥፎባቸዋል። ጥግ ላይ የተቀመጡት ጫማ ሰፊም እንደዚያው። «ሰፈሩ በሙሉ ተደባድቧል እንዴ?» አለ።

ጫማ ሰፊው ሰባ ዓመት ያልፋቸዋል። ወንፊት እያየቻቸው መርፌውን ወደ ፀሐዩ አነሱና ክሩን በአንድ ሙከራ ሰደው አሳለፉት።

«ዓይንዎን ምን ሆነው ነው፣ አባቴ?»

«ሞራ ነበር፣ ተገፈፈልኝ። ይኼው አንቺንም እያየሁሽ ነው፤ ግንባርሽ ላይ ጠባሳ አለ።»

«ስንት ከፈሉ?»

«አልከፈልኩም። ሐኪም ቤት ስደርስ ‹ተከፍሏል› አሉኝ።»

«ማን ነው የከፈለው?»

ጫማ ሰፊው ጫማውን ገለበጡት፣ መልሰው አቃኑት።

«እሺ፣ ለአንድ ዓይን ስንት እንደሚጠይቁስ ያውቃሉ?»

«እሱንማ እንዴት አላውቅ! ከሦስት ዓመት በፊት አሥራ ስምንት ሺህ ብለውኝ ግድግዳ ለግድግዳ እየዳበስኩ የተመለስኩ ሰው ነኝ።»

ወንፊት ሃምሳ አለቃውን ዞራ አየችው። እሱም ቀልዱ ጠፍቶበት አፉን እንደከፈተ ቀርቷል።

«መቶ አሥራ ስድስት» አለ ቀስ ብሎ።

ረቡዕ ጠዋት ዓይን ሐኪም ቤት ደረሱ። ሐኪሟ አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት። «አሁን ከእኔ ጋር ወሬ የለም» አለች። «ትናንት የሠራናቸው አራት ሰዎች አሉ፤ ፋሻ ልንፈታ ነው። ከፈለጋችሁ ግቡና ጥጉን ይዛችሁ ቁሙ።»

ገቡ። አራት ወንበር፣ አራት ሰው፣ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ታስሯል። ክፍሉ የአልኮል ሽታ አለው። የመጀመሪያዋ አሮጊት ነበሩ፤ አጠገባቸው ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ቆማለች። ነርሷ ፋሻውን ፈታች፣ ጥጡን አነሳች፣ የተጣበቀውን ሽፋሽፍት በርጥብ ጨርቅ ጠረገች። አሮጊቷ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ብርሃኑ በዝቶባቸው ጨፈኑ፤ መልሰው ገለጡ። ልጃቸውን አዩ። እጃቸውን ሰደው ፀጉሯን ነኩት።

«ልጄ… መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?»

«እርስዎ ሳያዩኝ፣ እማዬ» አለች ልጅቷ። ሳቋና ለቅሶዋ ተደባለቀባት።

ሁለተኛው ሰው እጁን ወደ ፊቱ አምጥቶ መዳፉን እያገላበጠ፣ እንደ ደብዳቤ ሲያነበው ቆየ። ሦስተኛዋ ዝም ብላ እንባዋ ይወርዳል፤ ነርሷም ዝም ብላ ትጠርግላታለች። አራተኛው ድሮ ቀለም ቀቢ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ፋሻው ሲፈታላቸው ማንንም አላዩም፤ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ይኼን ማን ነው የቀባው?» አሉ። «ሁለተኛ እጅ አልደገመውም እኮ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ግን ወደ ግድግዳው ሄደው ጉንጫቸውን ለጠፉበትና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ።

ወንፊት በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንት በር ከፍታለች። ከበሩ ጀርባ ሬሳ አይታለች፣ የተሰረቀ ዕቃ አይታለች፣ ቢላዋ ይዞ የቆመ ሰው አይታለች። እንዲህ ያለ ነገር ግን አላየችም። ቆቧን መቼ እንዳወለቀችው ሳታውቅ እጇ ላይ አገኘችው።

ሐኪሟ ወደ በሩ ሳብ አደረገቻት። «የምትፈልጓቸውን ሰውዬ አውቃቸዋለሁ» አለች በሹክሹክታ። «ሰኞ ሰኞ ጥሬ ገንዘብ ያመጣሉ፣ የሰዎቹን ስም ይሰጣሉ። ረቡዕ ደግሞ እዚያ ይቀመጣሉ። አይገቡም። ታካሚዎቹም መልካቸውን አያውቁትም። ይሰማሉ፣ ይሄዳሉ።»

በአገጯ ወደ ኮሪደሩ አመለከተች። አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ከበሩ ሥር፣ ጆሯቸው ሰፋፊ የሆነ ቀጭን ሽማግሌ ራሳቸውን ቀና አድርገው ተቀምጠዋል። ውስጥ ቀለም ቀቢው አሁንም ስለ ግድግዳው ይናገራሉ፤ ሽማግሌው ፈገግ ብለዋል።

«የእሳቸውስ ዓይን?» አለች ወንፊት።

«የእሳቸው ነርቩ ሞቷል፤ በገንዘብ አይመለስም። መጀመሪያ የመጡት ለራሳቸው ነበር፤ አራት ሺህ ሦስት መቶ አጠራቅመው። እኔ ነኝ አይሆንም ያልኳቸው።»

ወንፊት ሄዳ ከጎናቸው ተቀመጠች።

«ጫማሽ ከባድ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ፖሊስ ነሽ፤ አይደል? እስካሁን የት ቆየሽ፣ ልጄ?»

«ይጠብቁኝ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ሰኞ ጀምሮ።»

«አባባ፣ የምጠይቅዎትን ከመመለስዎ በፊት ልብ ይበሉ። እርስዎ ማንበብ አይችሉም። ባንክ ቤቱ ገንዘቡ የእርስዎ ነው ብሎዎት ከሆነ፣ አምነው ነው ያወጡት። ሕግም ይኼን ያያል።»

ሽማግሌው ማምለጫ በር ስትከፍትላቸው ሰምተዋል።

«ብሎኛል» አሉ። «የመጀመሪያ ቀን አንዲት ልጅ ሒሳቤን ስታነብልኝ ሁለት ሚሊዮን አለች። ተሳስተሻል አልኳት። ደግማ አነበበችልኝ። በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ‹ጌታዬ፣ የእኔ ያልሆነ ገንዘብ ሒሳቤ ውስጥ ገብቷል› አልኩት። ቀና ብሎም ያየኝ አልመሰለኝም፤ ድምፁ ወደ ጠረጴዛው ነበር። ‹በሒሳብህ ያለ ሁሉ ያንተ ነው፤ ሥራ አታስፈታኝ› አለኝ።»

«እንግዲህ ይኼው! ጠይቀዋል።»

«ሁለቴ ጠየቅሁ። ሦስተኛ መጠየቅ ነበረብኝ።» ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «አልጠየቅሁም። ለምን ብትይ፣ መልሱን ፈራሁት። በዚያ መሀል እዚህ ተቀምጬ የሰው እግር ስሰማ ነበርና። ዓይኑ ያልታመመ ሰው ተረከዙን ይጥላል፤ የማያይ ሰው በጣቱ ነው የሚቀድመው። በአሥራ ስምንት ሺህ ምክንያት ስንቱ በጣቱ መጥቶ በጣቱ ሲመለስ ሰማሁ። የኔ አይድንም ተብያለሁ። የእነሱ ይድናል። ገንዘቡ አለ። አንቺ ብትሆኚ ሦስተኛ ትጠይቂ ነበር?»

ወንፊት ማስታወሻዋን ጉልበቷ ላይ ዘጋችው።

«መጥረጊያ ስሸጥ ያልዞርኩበት ሰፈር የለም። የእግራቸውን ድምፅ እየሰማሁ ነው የለቀምኳቸው። ‹ሰኞ እዚያ ሐኪም ቤት ሂዱ፣ ስማችሁ ይጠራል› እላቸዋለሁ፤ አልፋለሁ። ከትናንት በስቲያ ሒሳቡን ሳስነብብ አሥራ ስድስት ሺህ ሦስት መቶ ቀርቷል አሉኝ። የራሴ አራት ሺህ ያለበት ነው። ለአንድ ዓይን ሺህ ሰባት መቶ ጎደለኝ። እሱ ይቆጨኛል።»

«ጥፋቱ የማን ነው ይላሉ፣ አባባ?»

«የሌላውን እናንተ ታውቃላችሁ። የራሴን ድርሻ ግን ለማንም አላካፍልም። ልጅቷን ብቻ አትንኩብኝ፤ እሷ የመራችው እግሬን ነው።»

ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ የሚል መርማሪ ሞልቷል። ሰውዬው አምኗል፤ መዝገቡ ይዘጋል። ወንፊት ግን አንድ ጓል ቀርቶባታል። ሥራ አስኪያጁ «ዛሬ ሰማሁ» ብሎ ነበር። ሁለት ሚሊዮን የጠፋበት ነጋዴ ስምንት ወር ሙሉ እንዴት ዝም አለ?

የብረት ነጋዴው ከመንገድ የተመለሰው ሐሙስ ጠዋት ነው። ግቢው በዝገት ቀልቷል። እሱ ራሱ ሰፊ፣ ድምፁ ከብረቱ የሚጋጭ ሰው ነው።

«ዝም አልኩ? ማን ነው ዝም ያለው!» አለ። «መጀመሪያ ገዢው የከዳኝ መስሎኝ ተጣላሁት። ሁለት ወር ቆይቶ ገቢ ያደረገበትን ደረሰኝ አመጣ። ይዤው ባንክ ሮጥኩ። ሥራ አስኪያጁ ‹ሲስተም ነው፣ ታገሥ› አለኝ። እኔ ደግሞ ያለ ወረቀት አልወጣም አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ!» ከቦርሳው የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ። «ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው» ይላል፤ የሥራ አስኪያጁ ፊርማና ማኅተም አለበት። ቀኑ ከስድስት ወር በፊት ነው።

ሃምሳ አለቃው ዝርዝሩን አውጥቶ አየ። «ያኔ አምስት ሰኞ ብቻ ነበር ያለፈው» አለ።

ወንፊት ለነጋዴው ገንዘቡ የት እንደዋለ ነገረችው። ሰውዬው ረጅም ብረት ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ገንዘቤን ያስቀመጥኩት ባንክ ነው፤ የምጠይቀውም ባንኩን ነው» አለ ቆይቶ። «ከሽማግሌው ጋር ጠብ የለኝም።» ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «ለመሆኑ ሰዎቹ ስሙን ሰምተው ከሆነ፣ ሲመርቁት የሚጠሩት የእኔን ስም ነው ማለት ነው?»

ከዚያ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ቤት ሄዱ። ከሥራ ታግዳ ልጇን በሳፋ ታጥባለች።

«ስንት ወሩ ነው?» አለች ወንፊት።

«ትናንት ስምንት ሞላው።»

ወንፊት ማስታወሻዋን ገለጠች። ገንዘቡ የገባው የወሩ አሥራ አንድ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ነው። ትናንት አሥራ አንድ ነበር።

«ስንት ሰዓት ላይ ወለድሽው?»

«ጠዋት ምጥ ይዞኝ ገባሁ፤ አምስት ሰዓት ላይ መጣልኝ። ምነው?»

«ሁለት ሚሊዮኑ የገባው በዚያው ቀን አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ማንም ቀኑን አልነገረሽም?»

ሴትዮዋ የሳሙና አረፋ ያለበት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «‹በአንቺ ኮድ› ብቻ ነው ያሉኝ! እኔ ደግሞ ስንት ቀን እንቅልፍ አጥቼ፣ ‹አደረግሁት ይሆን?› እያልኩ…»

«የይለፍ ቃልሽን ማን ያውቃል?»

«ለወሊድ ስወጣ ጽፈሽ አስረክቢኝ አለኝ፤ ሥራ አስኪያጁ። ሰው ሲበዛ ራሱ መስኮቱ ላይ ይቀመጣል።»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሲያይ ክራቫቱን ፈታው።

«የአንዲት ጣት ስህተት ናት!» አለ። «ሰው ተሰልፎ ነበር፣ ቸኩዬ የላይኛውን ነካሁ። ይኼ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ጣት ይስታል» አለች ወንፊት። «ሽማግሌው ራሳቸው መጥተው ነገሩዎት፤ አባረሯቸው። ነጋዴው መጥቶ ነገረዎት፤ ደበቁት። ሒሳቡን ቢያግዱ በሰው ኮድ መሥራትዎ ይወጣ ነበር። ከዚያ ኦዲተር ሲመጣ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ የምታጠባ እናት ላይ ጫኑት። እኔ የመጣሁት ለጣትዎ አይደለም፤ ለስድስት ወር ዝምታዎ ነው።»

እየመሩት ሲወጡ ግን አንድ ሐሳብ ጀርባዋን ወጋት። ይህ ሰውዬ ያኔ ታማኝ ቢሆን ኖሮ፣ ቀለም ቀቢው ዛሬም ግድግዳውን አያዩትም ነበር።

ሪፖርቱን ስትጽፍ ሁለት ተጠርጣሪ አሰፈረች፤ ሥራ አስኪያጁን፣ ሽማግሌውንም። የሽማግሌውን ቃል ሳትቀንስ ሳትጨምር ገለበጠችው፤ ሁለቴ መጠየቃቸውንም፣ ሦስተኛውን መፍራታቸውንም። «የተያዘ ንብረት» የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። ሃምሳ አለቃው በትከሻዋ በኩል አጮልቆ አየና፣ «‹መቶ አሥራ ስድስት ዓይን፤ ባለቤቶቹ እያዩበት ስለሆነ መያዝ አልተቻለም› በይ» አለ። ልትስቅ ስትል እንደማይቀልድ አየች። እንዳለው ጻፈችው።

ዓርብ ዕለት ሽማግሌው በዋስ እንዲወጡ ተፈቀደ። መታሰራቸው በየሰፈሩ ተሰምቷል። የእህታቸው ልጅ ዋስ የሚሆን ንብረት የላትም። ሃምሳ አለቃው ግን ከበር ተመልሶ መጣና፣ «ነይ እዪው» አለ። ከጣቢያው በር እስከ መንገዱ ማጠፊያ ድረስ ሰው ተሰልፏል። ገሚሱ ዓይኑ ላይ ፕላስቲክ አለበት። ሁሉም ወረቀት ይዟል፤ የቤት ካርታ፣ የደመወዝ ደብዳቤ፣ የጋሪ ሊብሬ።

«አንድ ሰው ይበቃል» አለች ወንፊት። «የመጀመሪያው ይግባ።»

የገቡት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። የቤታቸውን ካርታ ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ አምስት ወንዶች ተቀምጠዋል፤ ሁለት የተደባደቡ ሰካራሞች፣ አንድ ሰው የገጨ ሹፌር፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ሽማግሌው። አዋላጇ ቆመው አንድ በአንድ አዩዋቸው። ግራ ገባቸው። በመጨረሻ በሱፉ ምክንያት ይሁን እንጃ፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብለው፣ «እርስዎ ነዎት?» አሉት።

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«በዚህ በኩል ነኝ፣ እህቴ» አሉ ሽማግሌው ከጫፉ።

አዋላጇ ድምፁን ሲሰሙ ደነገጡ፤ ዓይናቸውን ለአፍታ ጨፈኑና እንደገና ገልጠው አዩአቸው። ብዙ ቆዩ።

«ምን እመስላለሁ?» አሉ ሽማግሌው።

«ጆሮዎ ትልልቅ ነው።»

«እሱንማ አውቀዋለሁ!»

«ሸሚዝዎን ደግሞ ገልብጠው ነው የለበሱት።» አዋላጇ ዕንባቸውን በካርታው ጥግ ጠረጉ። «የቀረው ሁሉ ግን ሰው ይመስላል።»

ወንፊት የዋስትናውን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ እንደ ልማዷም ከታች ያለውን መስመር በጣቷ አሳየች። «እዚህ ላይ ይፈርሙ፣ እማማ።»

«ቆይ፣ አንብቤው» አሉ አዋላጇ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ያነበበልኝ ላይ ስፈርም ነው የኖርኩት።»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጉና ከላይ ጀመሩ። የጣቢያውን ስም አነበቡ፣ ቁጥሩን አነበቡ፣ የሽማግሌውን ስም ከነአባታቸው ከነአያታቸው ቃል በቃል ድምፅ አውጥተው አነበቡ። አንቀጾቹን አንድም ሳይዘሉ፣ ማተሚያ ቤቱ ግርጌው ላይ በደቃቁ የጻፋትን ጭምር አነበቧት። ውጭ ሰልፉ እስከ መንገዱ ድረስ ቆሟል፤ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ማንም አላቻኮላቸውም።